በሞቴ የማይባልበት ቤት

በዚያ ዓመት ከኅዳር እስከ ጥምቀት ድረስ የእህቴ ቀሚስ ሁለት ጊዜ ሰፋ። እሷ አላወቀችም፤ እኔም አላወቅሁም። የዘመኑ ልብስ ገላ ሲሞላ ይለቃል፣ ገላ ሲጎድል ይሰበሰባል። ሲለቅም ሲሰበሰብም ድምፅ የለውም። ያወቀው ቀሚሱ ብቻ ነበር፤ ቀሚስ ደግሞ ለማን ይናገራል?

እህቴ ሀሴት ትባላለች። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን በልጅነቴ "እታለም በያት፣ ታላቅሽ ናት" ብላ ስላስለመደችኝ፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶኝም እታለም ነው የምላት። እሷ ደግሞ ረድኤት የሚለውን ስሜን አሳጥራ "ረዱ" ትለኛለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ከአዲሶቹ ምቹ ቤቶች በአንዱ ብቻዋን ትኖራለች። እኔና ልጄ ኖላዊት እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከእሷ አንድ ፎቅ ከፍ ብለን ነን።

ምቹ ቤት ማለት ሰው ሳይናገር የሚያመቻችለት ቤት ነው። የበሬሳ ወንዝ ብርድ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ አልጋው ይሞቃል። ወጥ ቤቱ ሳህን ይልካል፤ የተረፈውን መዝኖ በማግስቱ ያንኑ ያህል ይቀንሳል፣ ምንም እንዳይተርፍ። ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ሰው ካለ ወለሉ ከእግሩ ፊት ፊት እየሞቀና እየበራ ይመራዋል። ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ አልጋው ራሱ ቀስ በቀስ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ይጠጋል። ሁሉ ነገር የተመቸው ሰው በሩ ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ናት። የእታለም መብራት አረንጓዴ ሳትሆን አይቻት አላውቅም። የእኔ ብጫ ናት። ሁልጊዜ ብጫ ናት።

ለዚህም ምክንያት አለው። ኖላዊት ልጅ ሳለች ባሳላት ቁጥር ሐኪም ይጠራልኝ እል ነበር። ቤቱ ሰምቶ ሰምቶ አንድ ቀን መስማቱን ተወ። ማለቴ፣ ይሰማል፤ "ስጋትዎን ሰምቻለሁ" ይላል። ከዚያ መብራቱን ያደበዝዝና ለስለስ ያለ ክራር ያሰማኛል። ሐኪም፣ ሰው የሆነ ሐኪም፣ ዛሬም አለ። ወደ እሱ የሚልከው ግን ቤቱ ነው።

የጥምቀት ዕለት ጠዋት እታለም የድሮ የሐበሻ ቀሚሷን ከሻንጣ አወጣች። ዚፕ ያለው ነው። ኖላዊት ዚፑን እንደ ሙዚየም ዕቃ እያየች ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው።

"ይሄ ነገር አልዘጋ ቢልስ?" አለች።

"እህትሽን ትጠሪያታለሽ። መጥታ ትዘጋልሻለች፣" አለች እታለም።

"እህት የሌላትስ?"

"ጎረቤት ምን ሠርታ ትበላለች?"

እውነቷን ነው። በእኛ ጊዜ የበዓል ጠዋት የሚጀምረው በዚፕ ነበር። በተከራየንበት ግቢ ትልቅ መስታወት የነበራት እናታችን ብቻ ስለነበረች፣ ሴቶቹ ሁሉ ቀሚሳቸውን ይዘው እኛ ቤት ይመጣሉ። አንዷ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ፣ ሌላዋ የሰው ጀርባ ላይ ጉልበቷን አስደግፋ፣ "ጨመርሽ"፣ "ከሳሽ"፣ "ይሄ ሆድ ምንድን ነው፣ ደብቀሽናል እንዴ?" ሳይባል ቀሚስ አይለበስም። የሚያኮርፉም ነበሩ። አንዷ እንዲያውም አልቅሳ ጥምቀተ ባሕር ሳትወርድ ቀርታለች። ዛሬ ማንም የማንንም ገላ አያነሳም፤ ነውር ሆኗል። እኔን ግን ያ ነገር ይናፍቀኛል። የሚያይ ሰው ነበር።

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!" ብላ እታለም ጀርባዋን ሰጠችኝ። "በይ ዝጊልኝ።"

"ትንፋሽሽን ያዢ።"

"ያዝኩ።"

"ያዢ እንጂ፣ እታለም!"

"ከዚህ በላይ ከያዝኩማ ሞ..." አለችና አፏን በእጇ አፈነች። ሦስታችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። ጣሪያው ዝም አለ።

በምቹ ቤት ውስጥ ሞት አይነሳም። ቤቶቹ አዲስ የመጡ ጊዜ እታለም እንግዳ በጠራችበት ቀን የባሏ እህት፣ ሳህኗን ወደዚያ የገፋችን አንዲት ጎረቤት፣ "ብዪ እንጂ፣ በሞቴ!" አለቻት። ጎረቤቷ ጉርሻውን አላምጣ ሳትጨርስ ሁለት ሰዎች በሩን አንኳኩ። ደራሾች ነበሩ። "ሞቷን የተመኘችው የትኛዋ ናት?" አሉ። ቤቱ ሁሉን ነገር በራሱ ያደርጋል፤ ሞትን የሚያነሳ ሲሰማ ግን የግድ ሰው ይልካል። ሕጉ እንዲያ ነው። የአገሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ። በየሰርጉና በየክርስትናው ደራሽ ሲመጣ ጊዜ ሳቁ ወደ እፍረት ተለወጠ። "እኔ ልሙት" ቀረ። "አንቺ ሙቺ" ቀረ። "በሞቴ" ቀረ። ኖላዊት ሰው ሲለው ሳትሰማ ነው ያደገችው።

ዚፑ ከወገቧ አላልፍ አለ። ትከሻዋ ላይ ቀሚሱ ሰፍቷታል፤ ክንዷ እጅጌው ውስጥ ጠፍቷል። ሆዷ ግን ጨርቁን ወጥሮታል። እጄን ሳሳርፍበት ጠንካራ ነው።

"ወፈርኩ፣" አለች እየሳቀች።

"ክንድሽ ከስቷል እኮ።"

"ደግሞ ጀመርሽ!"

"ይሄ ሆድ መቼ መጣ?"

"ኧረ ተይኝ ረዱ፣ ጨጓራዬ ነው። ይነፋኛል።"

ኖላዊት ፊቴን አይታ፣ "እማ፣ በበዓል እንኳን እረፊ፣" አለችኝ።

ጨጓራ። እናታችንም ያለችው እሱኑ ነው። እኛ አገር ከደረት በታች ከጉልበት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። እናታችን ጂንስ ነበር የምትለብሰው። ቁልፉ አልደርስ ሲላት በፀጉር ላስቲክ አሰረችው፤ እኛ ልጆቹ አይተን ሳቅን። ተልባ ጠጣች፣ አብሽ ጠጣች። ሁለት ጊዜ ጎርሳ "ጠገብኩ" ትላለች። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሸኖ ሳንደርስ "ሹፌር፣ በናትህ አንዴ አቁምልኝ" ትላለች፤ ቀድሞ እንዲያ አልነበረችም። ከእምብርቷ በታች ሲጠዘጥዛት የወር አበባዬ ሊቆም ነው አለች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ነበር። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር።

ያስታመመቻት ነርስ እኔንና እታለምን ኮሪደሩ ላይ አስቁማ የነገረችንን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። "ሴቶች ናችሁና ስሙኝ። ሆዳችሁ ቢነፋ፣ ሳትበሉ ብትጠግቡ፣ ከእምብርት በታች ቢያማችሁ፣ ሽንት ቢያጣድፋችሁ፣ የአንድ ቀን ከሆነ የምግብ ነገር ነው። ድሮ ያልነበረ ሆኖ ሳምንት አልፎ ሳምንት ከተመላለሰ ግን ጨጓራ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል። ቢሆንም ታዩ። እናታችሁን አይታችኋል።"

ከጥምቀት በኋላ እታለምን ስከታተል ሰነበትኩ። ወጥ ቤቱ የሚልክላት ሳህን የስኒ ማስቀመጫ አክሏል። እሷም ጨርሳ ትልከዋለች፤ ስለዚህ ምንም አልተረፈም። አልጋዋ ድሮ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ተኝታ በሬሳን ታይ ነበር። አሁን የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት የአልጋውን ጠርዝ ይነካል።

"እታለም፣ አልጋሽን ማን አዛወረው?"

ዞር ብላ አየችው። "ተዛውሯል እንዴ?" አለች። እየቀለደች አልነበረም።

ወደ ቤቴ ወጥቼ ለቤቱ ተናገርኩ።

"እህቴ ታማለች፣" አልኩት።

"ወይዘሮ ሀሴት ያልተመቻቸው ነገር የለም።"

"ያልተመቻት ነገር የጠፋው አንተ እያመቻቸህላት ነው!"

"ስለ ምስጋናዎ አመሰግናለሁ። ስጋትዎን ሰምቻለሁ።"

ክራሩ ጀመረ።

ለኖላዊት የነገርኳት ውጭ፣ መንገድ ላይ ነው። ቆማ ሰማችኝና፣ "እማ፣ አንቺ እኔን ስንት ጊዜ ገድለሽኛል?" አለች። "በሳል ገድለሽኛል፣ በትኩሳት ገድለሽኛል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲዘገይ ቀብረሽ አልቅሰሽ ጨርሰሽ ነበር የምትጠብቂኝ።"

"እውነት ነው፣" አልኳት።

"መብራቷ አረንጓዴ ነው እኮ።"

"የእናቴም ጂንስ ቢለጠጥላት ኖሮ መብራቷ አረንጓዴ ነበር።"

ክንዴን ያዘችኝና፣ "እሺ፣ በእግራችን ሆስፒታል እንሂድ፣" አለች። "በሩ ይጠይቃታል። እኛን ባያምን እሷን ያምናል።"

ሄድን። እታለምን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብን፤ መጨረሻ ላይ "ለእግሬም መፍታቻ ይሆናል" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የሆስፒታሉ በር ላይ ሰው የለም፤ ድምፅ ነው ያለው።

"እንደምን አሉ፣ ወይዘሮ ሀሴት? ያልተመቸዎት ነገር አለ?"

እታለም ቀና ብላ፣ በሚያምር ፈገግታ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣" አለች።

"ደስ ብሎናል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

በሩ አልተከፈተም።

"እታለም! ምን ነካሽ?" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ልበል ታዲያ? ገና ሰላምታ ላይ ነበርን እኮ!"

ደግመን ብንጠጋም በሩ "መልስዎን ተቀብለናል" ብቻ አለን። ድሮ ቢሆን ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ከመነጽሯ በላይ አይታ፣ "ደህና ከሆንሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ትል ነበር፤ ታካሚዋም ያኔ ነው ሳቅ ብላ የምትናገረው። የእኛ ሰው የመጀመሪያ መልሱ መልስ አይደለም። ሲጠይቁት ደህና ነኝ ይላል፤ ሲጋብዙት በልቻለሁ ይላል። በሞቴ የሚባለው ለዚህ ነበር። ቤቶቹ የሚወስዱት ግን የመጀመሪያውን መልስ ነው።

ስንመለስ ኖላዊት ወደ ሥራዋ ሄደች። እታለም ድልድዩ ላይ ቆመችና ወንዙን እያየች፣ "ረዱ፣" አለችኝ። "ቢሆንስ?"

"ምኑ?"

"ታውቂዋለሽ። እናታችንን አብረን አይደል ያየነው? መብራቴ አረንጓዴ ነው። ተይኝ በናትሽ። አረንጓዴ እንደሆነ ይቆይ።"

እኔ ሞት የሚለውን ቃል ለብቻዬም አልጠራውም። ሳልጠራውም በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። በስሜ ከጠራሁት የሚገባ ይመስለኛል። የዚያን ቀን ግን ሌላ ማንን እንደምጠራ አጣሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጭኮ ሠራሁ። የገብሱን ዱቄት በቅቤ አሽቼ፣ ከበርበሬው ጣል አድርጌ፣ እታለም በልጅነቷ ከእኔ ሳህን እየሰረቀች የምትበላው ዓይነት። ይዤ ወረድኩ። ሽታው ሲደርሳት ፊቷ በራ። ትንሽ ቆንጥራ ቀመሰች።

"እናታችንን!" አለች። "ራሷ የሠራችው ነው የሚመስለው።" ከዚያ ሳህኑን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። "ጠገብኩ።"

"አሁን እኮ ነው የቀመስሽው።"

"ጠገብኩ አልኩሽ ረዱ።"

ጠቅልዬ ያዝኩ። "ብዪ እንጂ፣" አልኳት። "ብዪ፣ በሞቴ።"

ዓይኗ ፈጠጠ። "ምን አደረግሽ?"

"በሞቴ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ወደ ጣሪያው። "እኔ ልሙት! ቅበሪኝ! አፈር ስሆን ብዪ!"

ቃሎቹ ተከታትለው ወጡ። ይህን ሁሉ ዘመን የት ተቀምጠው ነበር? ድምፄ የእናቴን ድምፅ መሰለኝ። በሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቀላች።

እታለም ወይ ለእኔ አዝና ወይ ለእናታችን፣ አፏን ከፈተች። አጎረስኳት። አላመጠች፣ አላመጠች፤ አልወርድ አላት። ጉርሻው ጉንጯ ውስጥ እንዳለ እንባዋ ወረደ።

ደራሿ ስትገባ እዚያው ላይ ነበርን። ሙሉ፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት፤ ቢፍቱ እባላለሁ አለች። የአዋላጅነት ሙያ ተምራ የማህፀን ክፍል ብዙ ዓመት እንደሠራች በኋላ ነው የነገረችን።

"ሞቷን የምትመኘው የትኛዋ ናት?"

እታለም በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሷ ናት። ጭኮ ላጉርስሽ ብላ።"

ቢፍቱ ሳህኑን አየች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። "አያቴ በዚህ ቃል አንድ ቁና ጭኮ አስበልታኛለች፣" አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አንቺስ ለምን እምቢ አልሽ?"

"እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እሱስ ይመስገን። ለምን እምቢ አልሽ?"

ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ከተሰማ ስንት ዓመት እንደሆነው እንጃ። እታለም መሬት መሬት አየች።

"አይወርድልኝም፣" አለች።

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከኅዳር መሰለኝ።"

"ወይዘሮ ሀሴት ያልተመቻቸው..." አለ ቤቱ።

"አንተን አልጠየቅሁም፣" አለችው ቢፍቱ፣ ዓይኗን ከእታለም ላይ ሳትነቅል። ሽንቷን ጠየቀቻት። ከእምብርቷ በታች ያለውን ጠየቀቻት። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት፤ እታለም በመጀመሪያው "ኧረ ምንም" ስትል በሁለተኛው ትናገራለች። የእናታችንን እኔ ነገርኳት። አስተኝታ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። እኔ ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

"የማህፀን በር ምርመራ አምና ተደርጎልኝ ነጻ ነሽ ተብያለሁ፣" አለች እታለም።

"እሱ በሩን ነው የሚያየው። እንቁላል ማምረቻው ሌላ ነው። አልትራሳውንድ ትነሻለሽ፣ ደም ትሰጫለሽ። ላይሆን ይችላል፤ የእናትሽን ነገር ስሰማ ግን አላሳድርሽም። ዛሬ ትሄጃለሽ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ? እውነት ሞትሽን ትመኛለሽ?"

"እኔ? እኔ እንደምፈራው የሚፈራው የለም።"

"እሱ ያስታውቃል፣" አለች። ጭኮውን ቆንጥራ ጎረሰች። የሆስፒታሉን በር የከፈተችልን እሷ ናት።

ነበር። ካንሰሩ በግራው እንቁላል ማምረቻ ላይ ነበር፤ ከዳሌዋ አልፎ ወደ ላይ አልወጣም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ሰው ነው፣ እጁ ሞቃት። "ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የማወራሽ፣" አላት። አወጡላት። ከዚያ መድኃኒቱ መጣ፣ ፀጉሯ ሄደ፣ ክረምቱ ሄደ። እኔ በየቀኑ ቀበርኳት፤ እሷ በየቀኑ ተነሳች።

ዘንድሮ ለጥምቀት ቀሚሱን አወጣን። ዚፑን የዘጋችው ኖላዊት ናት። "ትንፋሽሽን ያዢ፣ አክስቴ፣" አለቻት እንደ ልማዱ፤ መያዝ ግን አላስፈለጋትም። ፀጉሯ አጭርና ነጭ ሆኖ በቅሏል።

ቤቶቹ ተሻሽለዋል። ከእታለም ወዲህ በሕንፃችን በየፎቁ "በሞቴ!" ይሰማ ጀመር፤ ደራሾቹ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ከረሙ። ከሴቶቹ አብዛኞቹ ምንም አልተገኘባቸውም። አራተኛ ፎቅ ያለችው ተገኘባት፣ በጊዜ። አሁን ግን ቤቱ ሞት ሲነሳ ሰው ከመላኩ በፊት በትህትና ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው።

ጭኮው መሃላችን ነበር።

"ሰኞ ምርመራሽ ነው፣" አልኳት።

"ደህና ነኝ እኮ ረዱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአሁኑን ልዝለለው።"

"በሞቴ።"

መብራቷ ብልጭ አለች። "ሞት ሲነሳ ሰምቻለሁ፣" አለ ቤቱ። "ሰው ይምጣ?"

"አይ፣ ይቅር፣" አለች እታለም በልማዷ።

"እሺ፣" አለ ቤቱ። ክራሩን ከፈተ።

ኖላዊት እኔን አየችኝ፣ አክስቷን አየቻት። ከጭኮው አንስታ ጠቀለለች፤ ጠቅልላ አታውቅም፣ ግማሹ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን የእታለም አፍ ድረስ ወስዳ፣

"ብዪ፣ በሞትሽ!" አለቻት።

እኔ ደነገጥኩ። እታለም ግን ሳቋ አፈናት፤ ሆዷን፣ የተሰፋውን፣ በሁለት እጇ ይዛ ተንፈቀፈቀች።

"አንቺ ጉድ!" አለች እንባዋን እየጠረገች። "የሰውን አይደለም የምትሰጪው! የራስሽን ነው!"

"የራሴን?"

"የራስሽን።"

ኖላዊት እጇን ሳታወርድ ትንሽ አሰበች። "እሺ፣" አለች። "በሞቴ።"

እታለም አፏን ከፈተች። አላመጠች፣ ዋጠችው። "ሰኞ በጠዋት ቀስቅሱኝ፣" አለች።